«ዋንጫውን ባይበላ ይሻለው ነበር»፦ የጅማ አባ ጅፋር ክርክር

ሂርማታ፦
ትናንት እዚህ ከታችኛው ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ስለሚወጡ አዳጊ ክለቦች ስናወራ አንድ ሰው የጻፋት ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። እንዳለች ላስቀምጣት። «ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዋንጫውን ባይበላ ይሻለው ነበር።» ብዙ ሰው ላይክ አድርጎ አለፈ። እኔ ማለፍ አቃተኝ።

በ2009 ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ከፍተኛ ሊግ ላይ ነበርን። ያኔ ስማችን ጅማ ከተማ ነው። ወጣን፣ አባ ጅፋር ተባልን፣ በመጣንበት ዓመት ዋንጫውን በላን። ያውም ከጊዮርጊስ ጋር በእኩል ነጥብ፣ በግብ ልዩነት። ያን ቀን ጅማ ነበርኩ። ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ መንገዱ በሰው ተዘጋ። አባቴ ቡና ነጋዴ ነው። ኳስ የልጆች ነገር ነው ብሎ የኖረ ሰው። ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ሲመለስ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አባቴን እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

አሁን ሰው ተነስቶ ያ ቀን ባይኖር ይሻላችሁ ነበር ይለኛል። ለማን ነው የሚሻለው?

የሒሳብ ሰው፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ። አልሰርዘውም። ግን ሙሉውን አስቀምጠው። ቀጥዬ «ዋንጫው ክለቡ የሌለውን ገንዘብ እንዲያወጣ አደረገው» ብያለሁ።

ጅማን አልጠላም። ኦኪኪ አፎላቢ በዚያ ዓመት 23 ግብ ሲያገባ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከዋንጫው በኋላ የሆነውን ግን እናውራ። አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ። እዚያም በ2011 ዋንጫ በላ። ጅማ ደግሞ ሻምፒዮን የሚል ስም ይዞ ገበያ ወጣ። ሻምፒዮን ዋጋ አያስቀንስም። ሁሉም እጥፍ ይጠይቀዋል። የአፍሪካ ውድድር መጣ። አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ አዲስ ፊርማ። ከዚያ ደሞዝ ለወራት አልተከፈለም። ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ። በ2013 መጨረሻ ከወራጆቹ ጋር ነበር። የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ስላልነበሩ በተዘጋጀው ተጨማሪ ውድድር ተረፈ። በ2014 ከሰበታና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወረደ።

ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት። እኔ ያልኩት ይህን ነው።

ሂርማታ፦
ያልከው ይህን አይደለም ወንድሜ። «ባይበላ ይሻለው ነበር» ነው ያልከው። ደሞዝ አለመከፈሉ ስህተት ነው ብትል እፈርምልሃለሁ። አስተዳደሩ ደካማ ነበር ብትል እፈርምልሃለሁ። አንተ ግን ጥፋቱን ከቢሮው አንስተህ ዋንጫው ላይ ጣልከው። ዋንጫው ምን አደረገ?

ፈረሰኛው፦
እኔ የጊዮርጊስ ነኝ። ስለ 2010 ግብ ልዩነት ዛሬ አላወራም፣ ቁስሉ የራሴ ነው።

ግን ከሒሳብ ሰው ጋር ነኝ። ሊጉ ማንም እየወጣ ማንም እየወረደ ሊያድግ አይችልም። በ2015 ለገጣፎ ለገዳዲ መጣ፣ በዓመቱ ወረደ። በ2016 ሀምበሪቾና ሻሸመኔ መጡ፣ በዓመቱ ሁለቱም ወረዱ። በያመቱ አዲስ ስም እንለምዳለን። ክለብ ከመውጣቱ በፊት የዓመት ደሞዙን ባንክ አስቀምጦ ያሳይ። ካልቻለ እዚያው ከፍተኛ ሊግ ላይ ይጫወት። አቅሙን ማወቅ ነውር አይደለም።

ዱራሜ፦
ሀምበሪቾ ስለተነሳ አንድ ነገር ልበል። እኔ የዱራሜ ልጅ ነኝ። «በዓመቱ ወረደ» ብለህ በአንድ መስመር አለፍከው። እኛ በዚያ ዓመት በከተማችን አንድም የሊግ ጨዋታ አላየንም። አንድም። ሊጉ በቴሌቪዥን ስለሚተላለፍ ጨዋታው የሚካሄደው በተመረጡ ከተሞች ነበር።

ትንሽ ክለብ ከትልቁ ጋር ሲጋጠም ያለው አንድ መሣሪያ ሜዳው ነው። ሕዝቡ ነው። ትልቁ ቡድን መኪናው አቧራ ለብሶ፣ ደክሞት ይመጣል፣ አንተ በራስህ ሜዳ ትጠብቀዋለህ። እኛ ያን መሣሪያ ሳንይዝ ነው የገባነው። የመግቢያ ትኬት ገቢ የለም። መለያ የሚሸጥበት ቀን የለም። ደጋፊ ከዱራሜ ተነስቶ ሌላ ከተማ ሆቴል ይዞ በየሳምንቱ አያይም። ጅማ ዋንጫ የበላው ሰው በሜዳው በሚጫወትበት ዘመን ነው። ይህን ማንም አያነሳውም።

ፈረሰኛው፦
እሱ ልክ ነው። ግን የቴሌቪዥኑ ገንዘብም ለሁሉም ክለብ ይደርስ ነበር። ከዲኤስቲቪ ባለቤት ከመልቲቾይስ ጋር የተፈረመው የአምስት ዓመት ስምምነት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነው የተባለው። ከዚያ በፊት ክለቦች ከቴሌቪዥን ምን ያገኙ ነበር?

ዱራሜ፦
ያ ገንዘብ ሆቴልና ትራንስፖርት ላይ ነበር የሚያልቀው። ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ ከቤቱ ውጭ ነበር የሚኖረው። 40 ሰው ሦስት ጊዜ ይበላል። አስላው።

የቀድሞ ተከላካይ፦
ሁላችሁም ስለ ክለብ ታወራላችሁ። ስለ ተጫዋች ላውራ። 11 ዓመት ተጫውቻለሁ። አራት ክለብ። ከአራቱ በሁለቱ ደሞዝ ቀርቶብኛል። የክለቦቹን ስም አልጠራም፣ ዛሬም እዚያ የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ።

አንደኛው ክለብ አምስት ወር አልከፈለኝም። ልጄ ገና ተወልዳ ነበር። አከራዬ ደግ ሰው ነበሩ፣ ሁለት ወር ታገሡኝ። በሦስተኛው እኔው አፍሬ ለቀቅሁ። ባለቤቴ ወደ እናቷ ቤት ገባች። እኔ ካምፕ ውስጥ ነኝ። ቅዳሜ ትገባለህ ትጫወታለህ፣ ደጋፊው «ብሩን ይበላሉ፣ አይሮጡም» ይልሃል። የምበላው ብር አልነበረም።

ለሒሳብ ሰው ግን የምለው አለ። ያ ክለብ ዋንጫ በልቶ አያውቅም። ሰባተኛ ስምንተኛ ነበርን። አፍሪካ አልሄድንም። አውሮፕላን አልተሳፈርንም። ደሞዝ ግን አልተከፈለም። እና «ዋንጫው ነው ገንዘቡን ያስወጣው» የምትለው አልገባኝም። ዋንጫ የሌለውም አይከፍልም።

የሒሳብ ሰው፦
ወንድሜ በመጀመሪያ ለደረሰብህ ነገር አዝናለሁ። ከልቤ ነው።

ጥያቄህ ከባድ ነው። መልሴ ይኸው። የእኛ የከተማ ክለቦች ገቢያቸው የከተማ አስተዳደሩ በጀት ነው። በጀት ሐምሌ ላይ ይጸድቃል። ዝውውሩም ሐምሌና ነሐሴ ነው። ገንዘቡ ገና ትኩስ እያለ ለፊርማ ይወጣል። አስፈራሚው ደስ ይለዋል፣ ፎቶ ይነሳል። ጥቅምትና ኅዳር ደሞዝ ይከፈላል። የካቲት ላይ ካዝናው ይደርቃል። ከዚያ ተጨማሪ በጀት ይጠየቃል። ምክር ቤቱ ደግሞ ውሃና መንገድ ይቀድማል ይላል። ትክክልም ነው። ተጫዋቹ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት ይጠብቃል።

ይህ በሽታ ሁሉም ጋ አለ። አንተ ጋም ነበር፣ ሰባተኛ ብትሆንም። ዋንጫ ይህን በሽታ ያባብሰዋል። የካቲት ላይ የሚደርቀው ታኅሣሥ ላይ ይደርቃል። ጅማ ላይ የሆነው ይህ ነው።

ሂርማታ፦
በቃ እኮ! አሁን ራስህ አልከው። በሽታው ሌላ ነው። ዋንጫው በሽታውን አላመጣውም። ታዲያ ለምን «ዋንጫውን ባይበላ» ትላለህ? «በጀቱን ባያባክን» በል። የታመመ ሰው ሠርግ ቢሄድና ቢወድቅ ባይሄድ ይሻል ነበር ይባላል?

የሒሳብ ሰው፦
ሐኪም አትሂድ ካለው አዎ፣ ይባላል።

መምህርት ዘ፦
እኔ ኳስ ብዙም አላውቅም። ወንድሞቼ ናቸው የሚያዩት። ግን በዚህ ጉዳይ እኔም ባለጉዳይ ነኝ።

በማስተምርበት ከተማ ክለቡ ወደ ላይ ሲወጣ ሰብስበው «ለክለባችን ከደሞዛችሁ በፈቃደኝነት ይቆረጣል» አሉን። ፈቃደኛ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ወረቀቱ ላይ ከታክስና ከጡረታ ቀጥሎ ሰፍሮ አየሁት። የከተማውን ስም አልናገርም። የመምህር ደሞዝ ታውቃላችሁ። ሃያ ቀን አያደርስም። በዚያው ወር ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ ሲባል ሰማሁ። እና የኔ ገንዘብ የት ሄደ? እኔ ከልጆቼ ጉሮሮ ቀንሼ ሰጠሁ፣ ተጫዋቹም አልደረሰውም።

ሂርማታ፣ የአባትህ ደስታ ገብቶኛል። ደስታው ግን ከእኔ ደሞዝ ላይ መሆን የለበትም።

ሂርማታ፦
እህቴ፣ ትክክል ነሽ። ያ ግፍ ነው። ይህን የሚከራከር ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ሰው ወዶ ሲያዋጣ ነው የሚያምረው።

ጅዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከጅዳ ነኝ። የጅማ ልጅ ነኝ፣ የአጂፕ። ከ2008 ጀምሮ ሳውዲ ነው ያለሁት። የ2010ን ዋንጫ በስልክ ነው ያየሁት። ወንድሜ መንገድ ላይ ሆኖ ደውሎ ስልኩን ወደ ሰዉ አዞረው። ምስሉ ይቆራረጣል። ድምፁ ግን ይሰማኝ ነበር።

ቀጥሎ በ2011 ከአል አህሊ ጋር ደረሰን። ሥራ ቦታ ከግብጾች ጋር ነው የምውለው። ስንት ግብ እንደሚገባብን ሲቆጥሩ ከረሙ፣ አምስት፣ ስድስት ይሉኛል። እዚያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። አገር ቤት 1 ለ 0 አሸነፍን። በድምሩ 2 ለ 1 ወደቅን። አል አህሊን ያህል ቡድን ከሁለት ዓመት በፊት ከፍተኛ ሊግ የነበረ ክለብ አሸነፈው። በማግስቱ ግብጻዊው አለቃዬ መጥቶ እጄን ጨበጠኝና «ከተማችሁ የት ነው?» አለኝ። ካርታ አውጥቼ አሳየሁት። እኔ በዚያ አገር እንደ ሰው የተጠየቅሁበት ቀን ያ ነው።

«ባይበላ ይሻለው ነበር» ላልከው ወንድሜ፣ አልቀየምህም። ግን ይህን በሒሳብህ ውስጥ አስገባው።

የሒሳብ ሰው፦
እንዴት ነው የማስገባው? እንዲህ ያለ ነገር ስትጽፍልኝ እኔ ክፉ ሰው እመስላለሁ። የአንተ ደስታ እውነት ነው። ያልተከፈለው ተጫዋች ረሃብም እውነት ነው። የአንተን ደስታ ዋጋ የከፈለው እሱ ነው። እኔ ስለ እሱ ነው የምጮኸው።

የቀድሞ ተከላካይ፦
ስለ እኔ ስለጮህክ አመሰግናለሁ። ግን በእኔ ስም ዋንጫውን አትንጠቃቸው። የጅማ ተጫዋቾች ያን ዋንጫ በላባቸው ነው ያመጡት። ጠይቃቸው። ደሞዛችንን ስጡን ይሉሃል እንጂ ዋንጫውን መልሱ አይሉህም። እኔ 11 ዓመት ተጫውቼ አንድ ሜዳልያ የለኝም። ልጄ አባዬ ምን አሸነፍክ ትለኛለች።

ፈረሰኛው፦
ወደ ዋናው እንመለስ። «አቅም» ነው ቃሉ። የእንግሊዙን ሉተን ታውንን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2023 በፕሌይ ኦፍ ኮቨንትሪን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው ፕሪምየር ሊግ ገቡ። ሜዳቸው ኬኒልወርዝ ሮድ ነው፣ የእንግዳ ደጋፊ መግቢያ በሰው ቤት መካከል ነው የሚያልፈው። ገንዘብ አልበተኑም። በዓመቱ ወረዱ። ማንም ደሞዙ አልቀረም። አቅምን ማወቅ ይህ ነው።

ሂርማታ፦
እሺ ሉተን። በቀጣዩ ዓመትስ? እንደገና ወርደው ሦስተኛ እርከን ገቡ። ጥንቃቄውም ከመውረድ አላዳነም። ዋንጫም አልበሉም። እኛ ቢያንስ በልተናል።

ፈረሰኛው፦
ክለቡ ግን አለ! ደሞዝ ይከፍላል! እሱን ነው የምልህ።

የሒሳብ ሰው፦
ከሉተን ኤይባር ይሻላል። ባስክ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፣ ሕዝቧ ወደ 27 ሺህ ገደማ። ጅማ ከእሷ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ላሊጋ ሲገቡ ዕዳ አልነበረባቸውም። ሆኖም የስፔን ሕግ ካፒታላችሁ አነስተኛ ነው፣ 1.7 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ጨምሩ አላቸው። ካልጨመሩ ይወርዳሉ። ምን አደረጉ? አክሲዮን ሸጡ። ከብዙ አገር ሰው ገዛ። አንድ ሀብታም እንዳይጠቀልለው አንድ ሰው የሚገዛው በገደብ ነበር። ሰባት ዓመት ላሊጋ ላይ ቆዩ። ከባርሴሎናና ከሪያል ጋር ተጫወቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 ወረዱ፣ ክለቡ ግን ጤነኛ ነው።

ጅማ በ2010 ሐምሌ ላይ አክሲዮን ቢሸጥ ኖሮ? ጅዳ ያለው ወንድማችን አይገዛም ነበር? የሂርማታ አባት አይገዛም ነበር? በዚያች ሳምንት ጅማ ውስጥ የማይገዛ ሰው ነበር? ያቺ ሳምንት አለፈች። ማንም አልጠየቃቸውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ጅዳ፦
ወላሂ እገዛ ነበር። እኔ ብቻ አይደለሁም። እዚህ ያለው የጅማ ልጅ ሁሉ።

ሂርማታ፦
አየህ፣ እንዲህ ብለህ ብትጀምር ኖሮ አንጣላም ነበር። ይህ ንግግር ዋንጫውን ይፈልገዋል። ዋንጫው ባይኖር ማን አክሲዮን ይገዛል? ኤይባርም ስለወጣ ነው ዓለም የገዛለት። አሁን በራስህ ምሳሌ «ባይበላ ይሻለው ነበር» ወደቀ።

የሒሳብ ሰው፦
አልወደቀም። ሸጠው ቢሆን ነው የሚወድቀው። አልሸጡም።

ሂርማታ፦
እንግዲያው አንድ ልጠይቅህ። ንግድ ባንክ በ2009 ከሌላው የጅማ ክለብ፣ ከአባ ቡናችን ጋር አብሮ ነው የወረደው። በ2016 ተመልሶ በመጣበት ዓመት ዋንጫ በላ። ልክ እንደ እኛ። አዳጊ ሆኖ፣ በአንድ ዓመት። «ንግድ ባንክ ባይበላ ይሻለው ነበር» ብለሃል? ማንም ብሏል? ሁሉም «ብርቱ ቡድን፣ ጥሩ ዝግጅት» ነው ያለው። ያው ሥራ፣ ባንክ ሲሠራው ብርታት፣ ጅማ ሲሠራው ከአቅም በላይ።

ኢትዮጵያ መድንም እንደዚያው። በ2015 መጣ፣ በ2017 በላ። ያውም የእኛው ገብረመድህን ኃይሌ ይዞት። ሦስት የተለያዩ ክለቦችን ሻምፒዮን ያደረገ አሰልጣኝ ከሦስቱ መጀመሪያ ሻምፒዮን ያደረገው ጅማን ነው። ይህስ ምንም አይቆጠርም?

ፈረሰኛው፦
ባንክና መድን ይከፍላሉ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሂርማታ፦
ከማን ገንዘብ? ባንኩ የመንግሥት ነው። መድኑም የመንግሥት ነው። ጅማም የመንግሥት በጀት ነው። ሦስቱም የሕዝብ ገንዘብ ነው። አንዱ ብዙ ስላለው «አቅም አለው» ተባለ። አቅም ማለት በእናንተ ቋንቋ አዲስ አበባ ላይ ዋና መሥሪያ ቤት መኖር ነው።

መምህርት ዘ፦
የባንኩ ከትርፉ ነው። የእኔ ከደሞዜ ነው። አንድ አይደለም።

ሂርማታ፦
እህቴ የባንኩ ትርፍስ የማን ነው? የአንቺም ደሞዝ በዚያው ባንክ ነው የሚገባው።

መምህርት ዘ፦
የገባው ደሞዝ የእኔ ነው፣ ሲፈልጉ አይቆርጡትም። ልዩነቱን አታጥፋው። ትርፉ ለትምህርት ቤት ወንበር ቢውል ደስ ይለኛል፣ ግን ቢያንስ ከእጄ አልነጠቁኝም።

ዱራሜ፦
ሂርማታ የነካት ነገር ትልቅ ናት። እኔ የምለው አቅም ያለውና የሌለው ክለብ አንድ ሊግ ውስጥ ከሆኑ ቢያንስ የክፍያው ሕግ ይከበር። በ2011 ነሐሴ ቢሾፍቱ ላይ ክለቦቹ ተሰብስበው የተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50 ሺህ ብር አይበልጥም ብለው ተስማሙ። እኛ ያኔ ታች ነበርን። ጣሪያው ለእኛ ዓይነቱ ነበር የሚጠቅመው። ምን ሆነ? ወረቀቱ ላይ 50 ሺህ፣ ከጠረጴዛ ሥር ሌላ።

የቀድሞ ተከላካይ፦
ስለ ጣሪያው እኔ ልንገርህ። ያኔ እጫወት ነበር። ከጠረጴዛ ሥር የሚሰጠው ለሦስት አራት ኮከቦች ነው። ለሌሎቻችን ጣሪያው እውነተኛ ጣሪያ ሆነ። «ሕጉ ነው» ይሉናል። ኮከቡ ደግሞ ውሉ ላይ ያልተጻፈውን ሲነፍጉት መክሰስ አይችልም፣ ማስረጃ የለውም። ሁለታችንም ተጎዳን።

ትንሽ ክለብ ትልቁን የሚመስልበት መንገድ ከጠረጴዛ ሥር መስጠት ሆነ። ያ ገንዘብ ደግሞ ሒሳብ ላይ አይታይም። ከንቲባ ሲቀየር አዲሱ ሰውዬ «እኔ ቃል አልገባሁም» ይላል። እውነቱን ነው፣ አልገባም። የገባው ሄዷል።

የሒሳብ ሰው፦
ይህን ነው ማንም የማይጽፈው። ክለቡ ባለቤት የለውም። ከንቲባ ነው ባለቤቱ። ከንቲባ ይቀየራል፣ ተጫዋቹ ከወረቀቱ ጋር ይቀራል።

ፈረሰኛው፦
ለዚህ ነው ጊዮርጊስ አክሲዮን የሆነው።

ሂርማታ፦
ጊዮርጊስም በ1928 አራዳ ላይ ሲመሠረት አክሲዮን አልነበረም። ከድህነት ነው የተነሳው። ያኔ አንድ ሰው «አቅማችሁን እወቁ» ቢላችሁ ኖሮ ዛሬ ጊዮርጊስ አይኖርም። እናንተ በጊዜ ብዛት ያገኛችሁትን ጅማ በአራት ዓመት ካላገኘ ጥፋተኛ ነው?

ፈረሰኛው፦
ይሄ ሌላ ርዕስ ነው። ያኔ የተጫዋች ፊርማ ሚሊዮን አልነበረም። ከተራ ልጆች ጋር ነበር የተጀመረው።

ሂርማታ፦
እና ጅማ ተራ ልጆች የሉም? የጅማ ልጆች እኮ ከዋንጫው በኋላ ነው ሜዳ የሞሉት። የእህቴ ልጅ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። መለያ አልነበረንም፣ እናቱ ከነጭ ቲሸርት ላይ ቁጥር ሰፍታለት ነበር። አሁን ኳስ ተጫዋች ሆኗል፣ በሠፈር ቡድን። ዋንጫው ባይኖር ይህ ልጅ ምን ይሆን ነበር? አላውቅም። ግን የሚጫወተው በዚያ ዋንጫ ምክንያት ነው፣ ይህን እሱ ራሱ ይነግርሃል።

የሒሳብ ሰው፦
ልጁ እንዲጫወት እፈልጋለሁ። የሚያድግበት ክለብ ግን ሊኖር ይገባል። 18 ዓመት ሲሞላው የት ይሄዳል? ለዋናው ቡድን ፊርማ ከወጣው ገንዘብ ግማሹ ለታዳጊ ቡድን ቢወጣ የእህትህ ልጅ ዛሬ የጅማ መለያ ለብሶ ነበር። ከሠፈር ቡድን ይልቅ።

ዱራሜ፦
ታዳጊውን አሳድገህ በ17 ዓመቱ ትልቁ ክለብ በነጻ ይወስደዋል። ይህንስ?

የቀድሞ ተከላካይ፦
እኔንም እንደዚያ ነው የወሰዱኝ። ያሳደገኝ ቡድን አንድ ኳስ እንኳ አላገኘም።

ጅዳ፦
ወንድሞቼ፣ እዚህ ሌሊት ሆኗል። ነገ ሥራ አለብኝ። አንድ ነገር ብቻ። አክሲዮን የሚባለው ነገር አሁንም ይቻላል ወይ? ክለቡ ስለወረደ ቀርቷል ማለት ነው? የሚያውቅ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የምሬን ነው።

የሒሳብ ሰው፦
በሕግ ይቻላል። የሚፈልግ አስተዳደር ከተገኘ። መመሥረቻ ጽሑፍ፣ የንብረት ግምት፣ ዕዳውን ማወቅ። መጀመሪያ ዕዳውን ማወቅ። ያልተከፈለው ተጫዋች ሳይከፈለው አክሲዮን መሸጥ የለበትም፣ በዚህ አልደራደርም።

የቀድሞ ተከላካይ፦
በዚህ እስማማለሁ።

ሂርማታ፦
እኔም። ግን የሒሳብ ሰው፣ ቃልህን አላነሳህም። ትናንት የጻፍካትን ታነሳለህ ወይስ አታነሳም?

የሒሳብ ሰው፦
አላነሳም። «ሳይዘጋጅ ባይበላ ይሻለው ነበር» ብዬ አስተካክላታለሁ። ከዚህ በላይ አልሄድም።

ሂርማታ፦
ተዘጋጅቶ ዋንጫ የሚበላ ትንሽ ክለብ የለም። የሚበላው ሳይጠበቅ ነው። ማስተካከያህን አልቀበልም።

ፈረሰኛው፦
ሉተንም ተዘጋጅተው ነው የወጡት ያልኩት አልተመለሰም።

ሂርማታ፦
ነገ ከሥራ በኋላ እመለሳለሁ። የታዳጊውን ነገር አልጨረስንም። መምህርትም የቆረጡብሽን በምን ወረቀት እንደቆረጡ ጻፊልን፣ ፊርማሽ ከሌለበት ማስመለስ ይቻል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እዚህ አይጠፋም።